ሳይዳስሱ ስም ማውጣት

አማርኛ ለእብጠት ስም አይቸግረውም። ቡግንጅ አለ፣ ንፍፊት አለ፣ ኪንታሮት አለ፣ እንቅርት አለ። ነገሩ የሚበላሸው ከእነዚህ አልፎ «እጢ» እና «ነቀርሳ» ላይ ሲደረስ ነው። እጢ በተፈጥሮ አንገትና ብብት ውስጥ ያለው ነው፤ እሱው ሲያብጥም እጢ ነው፤ ከየትም የበቀለ ትርፍ ሥጋም እጢ ነው። ነቀርሳ የሳንባ ሲባል ቲቢ ነው፣ የደም ሲባል ካንሰር ነው። ከስማዳ ወይም ከታች ጋይንት ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያ የደረሰች እናት ከእነዚህ ሁለት ቃላት አንዱን ሰምታ ትመለሳለች። የትኛው እጢ? የምኑ ነቀርሳ? ብላ የምትጠይቅበት ድፍረት የላትም፤ ወረፋው በር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀው ባለሙያም ቁጭ ብሎ የሚያስረዳበት ጊዜ የለውም። ቤቷ ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ገብቷል።

ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ቲቢም ካንሰርም ላልሆነች አንዲት እብጠት ነው። የሕክምና መጻሕፍት ፒሎማትሪኮማ ይሏታል። በአማርኛ የታወቀ ስም ስለሌላት እዚህ «የፀጉር ሥር ጠጠር» ትባል። መነሻዋ ከፀጉር ሥር ግርጌ ያሉት፣ ፀጉርን የሚሠሩት ሴሎች ናቸው። ሴሎቹ ፀጉር ሊሠሩ ተነሥተው መንገድ ላይ ይስታሉ፤ በፀጉር ፋንታ ቋጠሮ ይሠራሉ። ቋጠሮው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየም ይከማችበትና እንደ ጠጠር ይጠነክራል። አንዳንዴ ጭራሽ አጥንት ያበጃል።

ይበልጥ የምትታየው ልጆችና ከ20 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶች ላይ ነው። ፊት፣ ጆሮ ግንድ፣ ቅንድብ፣ አንገት፣ የላይኛው ክንድ ትወዳለች። በወራትና በዓመታት ቀስ እያለች ታድጋለች። አትጋባም፣ ወደ ሌላ አካል አትዛመትም። በራሷ ትጠፋለች ተብሎም አይጠበቅም፤ በቅባትም በኪኒንም አትሟሟም። መድኃኒቷ ቢላ ነው፤ ንጹሕ ቢላ፣ በሠለጠነ እጅ። ሙሉ በሙሉ ተነቅላ ከወጣች ተመልሳ የምትመጣው ከስንት አንዴ ነው። ወደ ካንሰርነት መለወጧ እጅግ ብርቅ ነው፤ ያም ቢሆን በብዛት የተመዘገበው ትልልቅ ሰዎች ላይ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ጠጠር ያለባት የደቡብ ጎንደር ደጋ ልጅ ከጠጠሯ ይልቅ የሚያሰጋት የሚወጣላት ስም ነው።

ጉና ተራራ ሥር ያለች የሰባት ዓመት ልጅ ትታሰብ። መንጋጋዋ ሥር ሽንብራ የምታህል ነገር ወጣች። አያት «ምች ነው» አሉ፣ ዳማከሴ ታሸ። ጠበል ተወሰደች፤ ጠበል ጠጠሯን አልነካትም፣ ልጅቷንም አልጎዳትም፤ ማንም በዚህ አይከራከር። ሽንብራዋ ባቄላ ስታክል አንድ አዋቂ ነኝ ባይ የጋለ ብረት አስነካት ወይም የሚያቃጥል ቅጠል ቀባት። አሁን በጠጠሯ ላይ ቁስል ተጨመረ። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ባለሙያው የሚያየው የሚያዥ የአንገት እብጠት ነው። የሚያዥ የአንገት እብጠት ደግሞ በኢትዮጵያ ስሙ አስቀድሞ ተጽፎ የተቀመጠ ነው፤ የእጢ ቲቢ። ስድስት ወር መድኃኒት። ሁለት ወር አራት ዓይነት፣ አራት ወር ሁለት ዓይነት። ሽንቷ ብርቱካንማ ይሆናል፤ ጉበቷ የማያስፈልጋትን መድኃኒት ሲያጣራ ይከርማል፤ ትምህርት ቤት ጓደኞቿ ፈቀቅ ብለው ይቀመጣሉ። በስድስተኛው ወር ጠጠሯ እዚያው ናት። ያን ጊዜ የሚመጣው ፍርድ ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ ወይ «መድኃኒቱን የተላመደ ቲቢ ነው»፣ ወይ «እንግዲያውስ ካንሰር ነው»። አባት በሬ ይሸጣል።

ልጅቷ የምሳሌ ልጅ ናት። መንገዱ ግን ምሳሌ አይደለም፤ እያንዳንዱን ማረፊያ ደጋው በደንብ ያውቀዋል።

ለባለሙያው መከራከር ይገባል፣ ምክንያቱም ሞኝ አይደለም። ኢትዮጵያ ቲቢ ከሚበዛባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ናት፤ ከሳንባ ውጪ የሚከሰተው ቲቢ፣ በተለይ የአንገቱ፣ እዚህ ከፍተኛ ድርሻ አለው። አንገቱ ያበጠ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ ቲቢን መጠርጠር ትክክል ነው። ትክክል ያልሆነው ጥርጣሬው ጣት ሳይነካ ወደ ካርድ መዛወሩ ነው። ጥርጣሬ ጥያቄ ነው፣ ካርድ ላይ ሲሰፍር ግን መልስ ይመስላል፤ ቀጥሎ ያለው ሐኪም ካርዱን አንብቦ ይቀጥላል እንጂ ልጅቷን እንደ አዲስ አይጀምራትም።

ጣት ብዙ ይናገራል። የፀጉር ሥር ጠጠር ቆዳው ውስጥ ናት እንጂ ከቆዳው በታች አይደለችም። ቆዳው ሲንቀሳቀስ አብራ ትሄዳለች፣ ከሥሯ ካለው ሥጋ ጋር ግን አልተጣበቀችም። ቆዳውን በሁለት ጣት ወጠር ሲያደርጉት ወጣ ገባ ጠርዟ ከሥሩ ብቅ ይላል፤ ምሰሶ የወጠረው ድንኳን ይመስላል። አንዱን ጫፏን ጫን ሲሉት ሌላው ጫፍ ብድግ ይላል። የቲቢ እጢ ግን ጠለቅ ብሎ የሚገኝ ነው፤ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይሆንም፣ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ እያደር ይለሰልሳል፣ መግል ይቋጥራል፤ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አብረውት ሊኖሩ ይችላሉ። ይህን ለመለየት ማሽን አያስፈልግም። አንድ ደቂቃና የታጠበ እጅ ይበቃል። መጻሕፍቱ ሰማያዊ ጥላ አላት ይላሉ፤ ይህ ግን በነጭ ቆዳ ላይ የተጻፈ ነው፤ በጠይም ልጅ ጉንጭ ላይ ሰማያዊነቱ ላይጎላ ይችላል። ሰማያዊውን ፍለጋ ዓይኑን የሚያፈጥ ተማሪ ጠጠሯን ያልፋታል።

እስከዚህ የተወራው ስለ ጨዋዋ ጠጠር ነው። ጨዋ ያልሆነችም አለች፣ ክርክሩ የሚከርረውም እሷ ላይ ነው።

አንዳንዴ በላይዋ ያለው ቆዳ ውሃ እንደቋጠረ ፊኛ ይነፋል። ሲያዩት የእሳት ቃጠሎ ወይም የተመረዘ ቁስል ይመስላል፤ ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይታዘዛል፣ ፊኛው እዚያው ነው። ፊኛውን በጣት ጫን ላለው ግን ከሥሩ ጠጠር አለች። አንዳንዴ ደግሞ በላይዋ ያለው ቆዳ ሳስቶና ተጨማዶ እንደ አሮጊት ቆዳ ይንጠለጠላል። የሰባት ዓመት ልጅ ጉንጭ ላይ ያለ የአሮጊት ቆዳ ሰፈር ውስጥ ምን እንደሚያስወራ፣ ማን ዓይኑን ጣለባት እንደሚያሰኝ፣ ደጋ ያደገ ሰው ያውቀዋል።

ሦስተኛው ዓይነት ቆዳውን በስቶ ይወጣል። ከቀዳዳው ኖራ የሚመስል ነጭ ፍርፋሪ ይረግፋል። ይህች በደቡብ ጎንደር በሁለት የሐሰት ስሞች መካከል ትወድቃለች። አንደኛው የሚያዥ የእጢ ቲቢ ነው። ሁለተኛው ቁንጭር ነው፤ ፊት ላይ የሚወጣው፣ ከደጋው የማይጠፋው፣ የአሸዋ ዝንብ የምታመጣው። ሁለቱም እውነተኛ በሽታዎች ናቸው፣ ሁለቱም መርፌና ኪኒናቸው ቀላል አይደለም። ነጩን ፍርፋሪ አይታ «ኖራ ይወጣታል» ያለች እናት ለምርመራው ትልቁን ፍንጭ ሰጥታለች። መግል ኖራ አይመስልም። ሰሚ ካገኘች።

አራተኛው ከሁሉ በላይ ያስደነግጣል። ጠጠሯ ያለችበት ቦታ ይመታል፤ ልጅ ናት፣ ወድቃለች፣ ወይም በሬ ስትጠብቅ በጅራፍ ተነክታለች። ውስጡ ደም ይቋጥርና ለዓመት ሽንብራ የነበረችው በሳምንታት ውስጥ እንቁላል ታክላለች። ቶሎ ያደገ ነገር ሁሉ ካንሰር ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አይፈረድበትም። ግን ምርመራው ከፍርሃቱ መቅደም አለበት። ሳይመታም ብዙ ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ግዙፍ ዓይነት አለ፤ እሱም የሚታከመው ያው ተቆርጦ በመውጣት ነው።

አንዲት ብቻ ሳትሆን ብዙ ጠጠሮች አንድ ልጅ ላይ ሲወጡ ነገሩ ይለያል። ያኔ ጠጠሮቹ ራሳቸው አያስፈሩም፤ ከጀርባቸው ግን በዘር የሚተላለፍ ሌላ ሕመም ሊኖር ይችላል፤ አንዱ ጡንቻን የሚያደክመውና የጨበጡትን ቶሎ መልቀቅ የሚከለክለው ነው፣ ሌላው ትልቁ አንጀት ውስጥ ብዙ እብጠት የሚያበቅለው ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ «እጅ ጨብጥ፣ ልቀቅ» ማለትና ስለ ቤተሰቡ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ዋጋው ስንት ነው?

የዓለምም ታሪክ በዚህች ጠጠር ላይ ኩራት የለውም። ማሌርብና ሽናንቴ የተባሉ ፈረንሳውያን በፈረንጆች 1880 ሲገልጿት ከቆዳ የወዝ እጢ የመጣች መስሏቸው ነበር። ፎርቢስና ሄልዊግ ከፀጉር ሥር መምጣቷን የሚያሳየውን ስም ያወጡላት በ1961 ነው። 81 ዓመት! በ1999 ደግሞ ቤታ ካቴኒን የተባለውን ፕሮቲን የሚያዝዘው ጂን ውስጥ ያለው ስሕተት ብዙዎቹን እንደሚያስነሣ ታወቀ። የተሳሳተ ስም ማውጣት የደሃ አገር ኃጢአት ብቻ አይደለም። እነዚያ ግን የወጣውን ሥጋ አልጣሉትም፤ ቀለም ቀብተው፣ በማይክሮስኮፕ አይተው፣ መዝግበው አስቀመጡት። ስሙ የተቃናው ሥጋው ስለተቀመጠ ነው።

እዚህስ? ብዙ ቦታ ከልጅ ገላ የወጣች ትንሽ ጠጠር መጨረሻዋ የቆሻሻ ባልዲ ነው። «ደግ ነገር ነው፣ ይታያል» ተብሎ። ወይም ቤተሰቡ ለምርመራ የሚከፍለው ስለሌለው። ወይም ፎርማሊን ስላለቀ። ወይም ጠርሙስ ስለጠፋ። በዚህም የተነሣ በአካባቢው ስንት ልጅ ምን እንዳለበት የሚያሳይ መዝገብ አይኖርም፤ መዝገብ ስለሌለም «እንዲህ ያለ ነገር እኛ ጋ የለም» ይባላል፤ የለም ስለተባለም የሚቀጥለው ባለሙያ አይጠረጥርም። ጠጠሯ ብርቅ የምትመስለው ባልዲው ውስጥ ስለገባች ነው።

ምላሹ ይታወቃል። «በመርፌ ናሙና ይወሰዳል እኮ።» ይወሰዳል፣ ጥሩም ነው፤ ግን ይህች ጠጠር መርፌንም ታታልላለች። ከጠርዟ የተቀዱት ጥቃቅን፣ ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያሉ ሴሎች ላልለመደ ዓይን የሕፃናት ካንሰር ሴሎች ይመስላሉ። የካልሲየሙን ፍርፋሪ ሊበሉ የተሰበሰቡት ግዙፍ ሴሎች ደግሞ ከቲቢው ጋር ሊምታቱ ይችላሉ። ነገሩን የሚፈታው በመካከል ያሉትን «የጥላ ሴሎች» ማየት ነው፤ ቅርጻቸው አለ፣ አስኳላቸው የለም፤ ነዋሪው የወጣበት ጎጆ ይመስላሉ። እነሱን ለማየት የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል፤ የሠለጠነው ዓይን ደግሞ መጠይቁ ወረቀት ላይ «ስምንት ዓመት፣ ቆዳ ውስጥ፣ ጠንካራ፣ ለአንድ ዓመት የቆየ» የሚል ነገር ሊጻፍለት ይገባል። «የአንገት እብጠት» ብሎ ብቻ የላከ ሐኪም ለፓቶሎጂ ባለሙያው እንቆቅልሽ ነው የላከለት። ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲተያይ በአገሪቱ ያሉት የፓቶሎጂ ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ያሉትን ጥቂቶች በባዶ ወረቀት ማድከም ደግሞ ከድህነት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

«ሕፃናት በወባ፣ በምግብ እጥረት፣ በጥይት በሚሞቱበት አገር ስለማትገድል ጠጠር ይህ ሁሉ ጩኸት ምንድነው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልሱም አጭር አይደለም።

የማይገድለውን ከሚገድለው መለየት ያልቻለ ክፍል የሚገድለውንም አይለይም። ጠጠሯን ቲቢ ብሎ ስድስት ወር ያስቀመጠው ልማድ ሊምፎማ ያለበትንም ልጅ ቲቢ ብሎ ስድስት ወር ያስቀምጠዋል፤ ያ ልጅ ግን ስድስት ወር የለውም። የጡንቻ ካንሰር ያለበትም እንዲሁ። ለጠጠሯ ልጅ ስሕተቱ ጠባሳ፣ ኪሳራና ስድብ ነው። ለሌላው ልጅ መቃብር ነው። በሩ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ካርድ ይዘው፣ አንድ ዓይነት ቃል ተጽፎባቸው ይቀመጣሉ። ስለዚህ የጠጠሯ ነገር የቅንጦት ጥያቄ አይደለም፤ ሚዛኑ መሥራት አለመሥራቱን የምትፈትሽ የሚዛን ድንጋይ ናት።

ደቡብ ጎንደር ይህን ትምህርት ከዚህ በፊት በውድ ዋጋ ገዝቶታል። ሊቦ ከምከም ውስጥ ሰው ትኩሳት ይዞት፣ ጣፊያው አብጦ፣ ከስቶ ይሞት ነበር። ወባ ተባለ። የወባ መድኃኒት ተሰጠ፤ አልሠራም። «ወባው መድኃኒቱን ተላምዷል» ተባለ። በ1997 ዓ.ም. በትክክል ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ካላዛር የመተማና የሁመራ ቆላ፣ የቀን ሠራተኛ በሽታ ነው ተብሎ ስለተደመደመ በዚያ ከፍታ ማንም አልጠረጠረውም ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞች መጥተው አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና ተጀመረ። ሰንሰለቱን ልብ ማለት ነው፤ መጀመሪያ ሳይመረመር ስም ይወጣል፣ ቀጥሎ መድኃኒቱ ይከሽፋል፣ ከዚያ ስሙ ተሳስቶ ይሆን ብሎ በመጠየቅ ፋንታ ተሕዋሱ ይከሰሳል። «ተላምዷል።» ያበጠ ጣፊያ ላይ የተሠራው ያው ስሕተት ነው ያበጠ አንገት ላይም የሚሠራው። ልዩነቱ ያኛው ወረርሽኝ ስለነበር መጨረሻው ተሰማ፤ ይህኛው አንድ ልጅ አንድ ልጅ እያለ ስለሚመጣ አይሰማም።

ደብረ ታቦር ላይ ንግግር የሚያደርግ ባለሥልጣን ጋፋትን ሳይጠራ አይወርድም። ቴዎድሮስ፣ ሴባስቶፖል፣ የኢንዱስትሪ መነሻ። ይሁን። ከተማዋ በአድቬንቲስት ሚሲዮን የተጀመረ ሆስፒታል አላት፣ የሕክምና ተማሪዎች የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲም አላት። ግን ክርክሩ ስለ ከተማዋ አይደለም። ጥያቄው የሚጀመረው ከከተማዋ ርቆ፣ እብናት ወይም ስማዳ ባለ ጤና ጣቢያ፣ ልጅቷን መጀመሪያ ባያት ሰው እጅ ላይ ነው። ሆስፒታሎችን «አጠቃላይ» ከማለት «ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ» ወደማለት ማሳደግ ሰሌዳ ሠዓሊውን ይጠቅማል፤ ከታች ያለው ጠርሙስ ባዶ ከሆነ ልጅቷን ምንም አይጠቅማትም።

ደግሞም ልጅቷ መጓዝ የለባትም። ይህ ነጥብ በቂ ትኩረት አላገኘም። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጋይንት መንደር ለሚመጣ ደግሞ ደብረ ታቦር ራሱ ሩቅ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው፣ ነገ ዝግ ነው። አባት በሬውን ሸጦ፣ ልጁን ይዞ፣ ወረታ ላይ መንገድ ተዘጋ ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ሥጋዋ ግን ብቻዋን መጓዝ ትችላለች። ፎርማሊን ውስጥ የገባች ጠጠር በረዶ አትፈልግም፣ አትበላሽም፣ መንገድ ቢዘጋ ሳምንት ትጠብቃለች። የኢትዮጵያ ፖስታ የቲቢ አክታና የኤች አይ ቪ ደም ናሙና ሲያመላልስ የቆየ ድርጅት ነው፤ ያውም ቅዝቃዜ ተጠብቆ። አክታ የተሸከመ ሣጥን አውራ ጣት የምታህል፣ ክዳኗ የጠበቀ ጠርሙስ አይከብደውም። የጎደለው መኪና ሳይሆን «ይህም ናሙና ነው» የሚል መስመር በአሠራሩ ውስጥ መግባቱ ነው። መስመሩን ለማስገባት የግንባታ በጀት አይጠየቅም፣ የመሠረት ድንጋይም አይቀመጥም፤ ምናልባት የዘገየው ስለዚሁ ይሆናል።

ገንዘቡስ? ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ገደማ ሲሞከር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ ፎገራ ነበር። የዚህ ዞን ገበሬ መድን ምን እንደሆነ ከማንም ቀድሞ ያውቃል ማለት ነው። መድኑ ለቁንጅና የሚደረግ ሕክምናን አይሸፍንም፣ ትክክልም ነው። ግን ጉንጭ ላይ ያለች ጠጠር በየትኛው መዝገብ ትገባለች? «አትገድልም» የተባለች ሁሉ «ለቁንጅና» ከተባለች፣ ቅንድቧ ላይ ያደገችው ጠጠር ዓይኗን እየጫነች ያለች ልጅ ቆንጆ ለመሆን ነው የመጣችው? ምንነቱ ያልታወቀ እብጠትን አውጥቶ መመርመር የምርመራ ሥራ ነው፣ የውበት ሥራ አይደለም። ይህ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ለገንዘብ ያዡ በጎ ፈቃድ አይተው።

ቀዶ ጥገናውም የሚያስፈራ አይደለም። ከፍ ያለ ልጅ ላይ በማደንዘዣ መርፌ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ትንንሾቹ ግን ማስተኛት ያስፈልጋቸዋል፣ እሱም ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ ባለበት ብቻ። ዓይን ሽፋሽፍት ላይ ያለችውን፣ ወይም የፊት ነርቭ የሚያልፍበት የጆሮ ግንድ አጠገብ ያለችውን ማንም ተነሥቶ አይነካካትም፤ እነዚያ ይላኩ። የክንዷን ግን ለመላክ ሦስት ወር መቀጠር ምን ማለት ነው? ስትወጣ ደግሞ ሙሉዋን ትውጣ፤ ግማሿን ቆርሶ ግማሿን የተወ ሰው ለልጅቷ ሁለተኛ ቀጠሮ ነው የሰጣት። ከላይዋ የተጣበቀ የሳሳ ቆዳ ካለ እሱም አብሮ ይነሣል። ማስፈንዳት፣ መጭመቅ፣ መተኮስ ግን አይሠራም፤ ጠጠር አይፈነዳም።

ለጤና ጣቢያው ባለሙያ የሚቀርበው ጥያቄ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነው። የቲቢ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት እብጠቱን ይዳስስ። ጠንካራ፣ ቆዳ ውስጥ ያለ፣ ብቻውን የሆነ፣ ልጁን ያላከሳና ያላተኮሰ ከሆነ ቲቢ ብሎ አይቸኩል፤ የሚቀዳ ነገር ካለ ናሙናው ወደ ጂን ኤክስፐርት ይላክ። ጠጠር ሆኖ የሚቀዳ ነገር ከሌለው ያ ራሱ ወሬ ነው። ለእናትየዋም «ነቀርሳ» የሚለውን ቃል ውጤቱ ሳይመጣ አይስጣት። «ገና አልታወቀም» የሚል አማርኛ አለ፤ ሐኪምን አያሳንስም።

ከወጣች በኋላ ደግሞ ጠርሙስ። ፎርማሊኑ ከጠጠሯ አሥር እጥፍ ይሁን፣ ክዳኑ ይጥበቅ፣ ስሟ በእርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ ፎርማሊን ሲነካው ይለቃልና። መጠይቁ ወረቀት ላይ ዕድሜዋ፣ ቦታው፣ የቆየችበት ጊዜና የተጠረጠረው ነገር ይሞላል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ባዶ ይተወዋል ወይም «እጢ» ብሎ ያልፈዋል። እዚያ ላይ «የፀጉር ሥር?» ተብሎ ይጻፍ፣ ከነጥያቄ ምልክቱ።